ካርዱ ላይ ያልተጻፈው፦ ከ«ያ በሽታ» እስከ ኮምፒውተሩ መዝገብ



ሰሞኑን ደጋግሞ የሚደርሰኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ አሁን የነገርኩሽ ነገር ኮምፒውተር ላይ ይጻፋል እንዴ?» የሚል። አንዳንዱ ቀጥሎ «ነገ ለጉንፋን ብመጣ ሌላው ሐኪም ያየዋል?» ይላል። እናቶች ደግሞ በተቃራኒው ይጠይቁኛል፦ «የልጄን መዝገብ እኔ ካላየሁት ማን ሊያየው ነው?»

ጥያቄዎቹ ሁሉ ተገቢ ናቸው። ሁሉም የሚነሱት ግን ስለ አንድ ዓይነት መረጃ ነው። ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ጨጓራ ሲጻፍ ማንም አይጨነቅም። የሚያስጨንቀው ስለ አባላዘር በሽታ፣ ስለ እርግዝና መከላከያ፣ ስለ ውርጃ፣ ስለ ስንፈተ ወሲብ፣ ስለ ኤች.አይ.ቪ የሚጻፈው ነው። ይህ ፍርሃት ትናንት ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የመጣ አይደለም፤ ረጅም ታሪክ አለው። ታሪኩን ካወቅን ደግሞ ምን መፍራት እንዳለብንና ምን መጠየቅ እንደምንችል እንለያለን። ስለዚህ ዛሬ ከተለመደው ምክር ወጣ ብለን ትንሽ ታሪክ እናውራ።

በስም ያልተጠራ በሽታ

ቂጥኝ፣ ጨብጥ፣ ከርክር፣ ባምቡሌ። እነዚህ ስሞች ከዘመናዊ ሕክምና በፊት የነበሩ ናቸው። ሕዝቡ በሽታዎቹን ያውቃቸው ነበር፣ መድኃኒት አዋቂዎችም ያክሟቸው ነበር። ነገር ግን ስሞቹ ከሰው ፊት የሚነገሩ አልነበሩም። ታማሚው በጓሮ ይገባል፣ አዋቂው መድኃኒቱን ይሰጠዋል፣ ነገሩ በሁለቱ መካከል ይቀራል። መዝገብ የለም። ምስጢሩ የሚጠበቀው ባለመጻፉ ነበር።

ዛሬ የምንጠቀምበት «አባላዘር» የሚለው ቃል «አባለ ዘር» ከሚለው ግዕዝ የመጣ ነው፤ የዘር አካላት ማለት ነው። ጨዋ ቃል ነው፤ ሬዲዮ ላይም ትምህርት ቤትም ያለ ሐፍረት ይነገራል። ሌላውም ዓለም እንዲሁ መሸፈኛ ቃል ፈልጓል። አውሮፓውያን እነዚህን በሽታዎች ለረጅም ዘመን የጠሩት «ቬኑስ» ከምትባለው የሮማውያን የፍቅር አምላክ ስም በተወሰደ ቃል ነው።

ዘመናዊ ሕክምና ሲመጣ ግን ከመድኃኒቱ ጋር ወረቀት መጣ። ከአድዋ ጦርነት በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ገቡ፤ በ1902 ዓ.ም. ደግሞ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተከፈተ። ጊዜው በዓለም ላይም የቂጥኝ ሳይንስ የተቀየረበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 የቂጥኝ ተሕዋስ በጀርመን አገር ተለየ፤ በ1906 የደም ምርመራው ተገኘ፤ በ1910 ሳልቫርሳን የተባለው መድኃኒት ለገበያ ቀረበ። ከዚያ በፊት ቂጥኝ በዓይን የሚታይ ቁስል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ቁስሉ ከጠፋ ከዓመታት በኋላም «አለብህ» የሚል ወረቀት ሊኖር ቻለ። የዛሬው የምስጢር ጥያቄ የተወለደው ያኔ ነው። ሰውነት የደበቀውን ወረቀት ይናገራል።

እንግሊዞች ይህን ችግር ቀድመው ተጋፍጠውታል። አንድ ንጉሣዊ ኮሚሽን ለዓመታት ካጠና በኋላ እ.ኤ.አ. በ1916 የአባላዘር ሕክምና በነጻና በምስጢር እንዲሰጥ ደነገጉ። አስተሳሰቡ ቀላል ነበር፤ ሰው ስሙ የሚጠፋ ከመሰለው አይመጣም፣ ካልመጣ አይድንም፣ ካልዳነ ለሌላ ያስተላልፋል። በዚህም ምክንያት የእንግሊዝ የአባላዘር ክሊኒኮች መዝገባቸውን ከሌላው የሕክምና መዝገብ ለይተው ማስቀመጥ ለመዱ።

ለይቶ ማስቀመጥ ሰውን ወደ ሕክምና ያመጣል። ዋጋም ያስከፍላል። ዋጋውን በራሳችን አገር ታሪክ እናየዋለን።

ስም በቁጥር ሲተካ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት በ1978 ዓ.ም. ነው። እድሜያችሁ ከፍ ያለው የዚያን ዘመን ቋንቋ ታስታውሳላችሁ። «አመንምን» ይባል ነበር፤ «ያ በሽታ» ይባል ነበር። ለቅሶ ቤት ስለ ሟቹ ሲጠየቅ «ሳንባ ነው» ወይም «ተቅማጥ ነው» ይባላል። ውሸት ነበር ማለት አይቻልም፤ ብዙዎቹ በእርግጥም በቲቢና በተቅማጥ ነው የሞቱት። እውነቱ ግን ግማሽ ነበር።

መድኃኒት ባልነበረበት በዚያ ጊዜ መመርመር ፍርድ መስማት ማለት ነበር። ስለዚህ በ1990 ዓ.ም. አገራዊ የኤች.አይ.ቪ ፖሊሲ ወጥቶ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ የምክርና የምርመራ አገልግሎት ሲስፋፋ፣ ብዙ የምርመራ ጣቢያዎች በስም ፈንታ የምስጢር ቁጥር ይሰጡ ነበር። ሰውዬው ስሙን ሳይናገር ይገባል፣ ቁጥሩን ይዞ ይወጣል፣ በቁጥሩ ውጤቱን ይቀበላል። ብዙ ሰው በዚህ መንገድ ደፍሮ ተመርምሯል። ለዘመኑ ትክክለኛ ዘዴ ነበር።

ግን አስቡት። ቁጥሩ የጠፋበት ሰው ውጤቱም ጠፋ። በቁጥር የተመረመረ ሰው ከሦስት ወር በኋላ ሳል ይዞት ሌላ ሐኪም ዘንድ ቢሄድ፣ ሐኪሙ ምንም አያውቅም። ስም የሌለው መዝገብ ሰውየውን ከሐሜት ይጠብቀዋል፤ ከሐኪሙም ይሰውረዋል።

ነገሩን የቀየረው መድኃኒቱ ነው። በጥር 1997 ዓ.ም. የጸረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ተጀመረ። መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነው። መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደሚወስድ፣ ክብደቱ እንዴት እንደሆነ፣ ቀጠሮ መቅረት አለመቅረቱ በየወሩ መታወቅ አለበት። የምስጢር ቁጥር ይህን ሁሉ ሊሸከም አይችልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ታካሚ ስሙና አድራሻው ያለበት፣ የራሱ መለያ ቁጥር የተሰጠው የክትትል ካርድ ተዘጋጀለት። በአገራችን ሕክምና ውስጥ ለረጅም ዘመን በሚታከም በሽታ ላይ ይህን ያህል የተደራጀ፣ በየክልሉ አንድ ዓይነት ቅጽ ያለው መዝገብ የተለመደው በዚህ ምክንያት ነው። ከተደበቀው በሽታ በኩል መምጣቱ ያስገርማል።

ይሁንና ካርዱ የተቀመጠው በተለየ ክፍል፣ በተለየ መደርደሪያ ነው። በዚያ ዘመን በየሆስፒታሉ አንድ በር ነበር፤ ያንን በር ያንኳኳ ሰው ምን እንደሆነ ጠያቂ አያስፈልገውም ነበር። መዝገቡ ተጠብቆ ሳለ በሩ ይናገር ነበር።

ሦስት ፊደላት

እዚህ ላይ የሙያ ጓዳችንን ገለጥ ላድርግላችሁ። በአገራችን የሆስፒታል ካርዶች ላይ «አር.ቪ.አይ» የሚል አጽሕሮት በብዛት ይጻፋል። ኤች.አይ.ቪ ማለት ነው፤ «ሬትሮቫይራል ኢንፌክሽን» ለማለት። ለምን በቀጥታ አይጻፍም? ካርዱን የሚሸከም ተላላኪ፣ አልጋው አጠገብ የቆመ አስታማሚ፣ አጎንብሶ የሚያነብ ዘመድ እንዳያውቅ ነው። በእርግዝና ክትትል ካርድ ላይም የምርመራ ውጤት በፊደላት ብቻ የሚጻፈው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ከደግነት የመጣ ልማድ ነው። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ብዙ ሰው የሚያውቀው ምስጢራዊ ቃል ምስጢር መሆኑ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ቃሉን የማያውቅ ሐኪም ሲያነበው ይሳሳታል። እነዚያው ሦስት ፊደላት በሌላ ቦታ የመተንፈሻ አካል የቫይረስ ኢንፌክሽን ተብለው ሊነበቡ ይችላሉ። አንዱ ዕድሜ ልክ መድኃኒት የሚፈልግ ነው፣ ሌላው በሳምንት የሚያልፍ ጉንፋን።

መሸፋፈን የሐኪም ብቻ ልማድ አይደለም። እናንተም ትሸፋፍናላችሁ፤ አልፈርድባችሁም። ስንፈተ ወሲብ ያጋጠመው አባት «ወገቤን ያመኛል» ብሎ ይመጣል። ካርዱ ላይ «የወገብ ሕመም» ይጻፋል፣ ማስታገሻ ይታዘዛል፣ ሰውየው እንደነበረ ይመለሳል። ስንፈተ ወሲብ ደግሞ አንዳንዴ የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ደም ሥሮች መጥበብ የመጀመሪያ ምልክት ነው። በትክክለኛ ስሙ ቢጻፍ ኖሮ የደም ስኳሩ ይለካ ነበር።

ያላገባች ወጣትም አለች። ካርዱ ላይ «ያላገባች» ስለሚል ሐኪሙ ስለ እርግዝና ሳይጠይቃት ያልፋል፤ መጠየቁ ስድብ ይመስለዋል። ከዚያም ለጽንስ የማይስማማ መድኃኒት ሊታዘዝላት ይችላል። «ያላገባች» የሚለው ቃል የጋብቻ ሁኔታን እንጂ የጤና ሁኔታን አይናገርም።

ለሁሉም አንድ ጥያቄ

በታሪካችን ውስጥ ለዚህ ችግር መፍትሔ የጠቆመ አንድ ምዕራፍ አለ። እ.ኤ.አ. እስከ 2007 አካባቢ ድረስ የኤች.አይ.ቪ ምርመራ በዋናነት የሚደረገው ሰው ራሱ ሲጠይቅ ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው መመሪያ ነገሩን ገለበጠው። ሐኪሙ ለታካሚው ሁሉ፣ በተለይ ለነፍሰ ጡር ሁሉ ምርመራውን ያቀርባል፤ የማትፈልግ «አልፈልግም» ማለት ትችላለች።

ለውጡ ትንሽ ይመስላል። ግን በነፍሰ ጡሯ ቦታ ሆናችሁ እዩት። ድሮ «ኤች.አይ.ቪ ልመርምርሽ?» ስትባል «ምን አይቶብኝ ነው?» ትላለች። ሁሉም ነፍሰ ጡር የምትጠየቅ ከሆነ ግን ጥያቄው ከደም ማነስ ምርመራ አይለይም። ባልም «ለምን አንቺን?» ብሎ አይጠይቅም። ጥያቄው ለሁሉም አንድ ሲሆን ጥርጣሬ መሆኑ ይቀራል።

የጾታዊ ጤና መረጃን በኤሌክትሮኒክ መዝገብ ውስጥ ወጥ ማድረግ ሲባል እኔ የምረዳው ይህንኑ ነው። ወጥ ማድረግ ማለት ሦስት ነገር ነው፦ ለሁሉም ተመሳሳይ ጥያቄ፣ በየትኛውም ጤና ተቋም ተመሳሳይ ቃል፣ መዝገቡን የመክፈት ሥልጣን ደግሞ ለሚያክመው ባለሙያ ብቻ። ሦስቱ አብረው ካልሄዱ አንዱ ሌላውን ያፈርሰዋል።

ከካርድ ክፍል ወደ ኮምፒውተር

ወጥ መዝገብ የሚለው ሐሳብ ራሱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1893 ፈረንሳዊው ቤርቲዮን የሞት ምክንያቶችን ዝርዝር አቀረበ፤ ዓላማው የፓሪሱ ሟችና የቺካጎው ሟች በአንድ ቋንቋ እንዲመዘገቡ ነበር። ያ ዝርዝር እየሰፋ ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት የሚያወጣው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ሆኗል። ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው 11ኛው እትም ለመጀመሪያ ጊዜ ለጾታዊ ጤና የራሱን ምዕራፍ ሰጠው። ከዚያ በፊት ስንፈተ ወሲብ «የአእምሮ» እና «የአካል» ተብሎ በሁለት ምዕራፍ ተከፍሎ ነበር። ያ አባት «ወገቤን» ባይል እንኳ ሐኪሙ የት እንደሚጽፈው ለመወሰን ይቸገር ነበር ማለት ነው።

የአፍሪካን ታሪክ ስናይ ደግሞ መዝገብን ወደ ኮምፒውተር የገፋው በአብዛኛው ኤች.አይ.ቪ ነው። በጎረቤታችን ኬንያ፣ ኤልዶሬት ከተማ አካባቢ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የኤች.አይ.ቪ ታካሚዎችን በወረቀት መከታተል ሲያቅት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ኦፕን ኤም.አር.ኤስ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ተሠራ። የዚህ ሶፍትዌር ልቡ አንድ መዝገበ ቃላት ነው፤ እያንዳንዱ ምልክት፣ ምርመራና መድኃኒት አንድ የታወቀ ስም አለው። ሐኪሙ የፈለገውን አጽሕሮት ከመጻፍ ይልቅ ከዝርዝሩ ይመርጣል።

በእኛ አገር በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ፤ ቆየት ብሎም በየገጠር ቀበሌው የቤተሰብ ማህደር ተዘጋጀ። ማህደሩ ለእናቶችና ለሕፃናት ክትትል ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል። ግን አንድ ቤተሰብ በአንድ ማህደር ሲመዘገብ፣ መዝጋቢዋም የሰፈር ልጅ ስትሆን፣ የምራትየዋ መርፌ ለአማትየዋ ወሬ እንዳይሆን የሚጠብቀው የባለሙያዋ ጨዋነት ነው። ብዙዎቹ በእውነት ጠብቀውታል።

በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የጤና ሚኒስቴር የመረጃ ሥርዓቱን እንደ አዲስ ሲያዋቅር፣ በየክፍሉ ተበታትኖ የነበረው ካርድ ለአንድ ሰው አንድ ቁጥርና አንድ ማህደር እንዲሆን ተደረገ። ቀጥሎም መነሻው ዛምቢያ የሆነው ስማርት ኬር የተባለ ኤሌክትሮኒክ መዝገብ በቱሌን ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ ለኢትዮጵያ ተስተካክሎ በአንዳንድ ሆስፒታሎች ተሞከረ። በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የጤና ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ደግሞ «የመረጃ አብዮት» ከአራቱ ዋና አጀንዳዎች አንዱ ሆነ። ዛሬ ብዙ ሆስፒታሎችና የግል ክሊኒኮች ያለ ወረቀት መሥራት ጀምረዋል። ግን የአንዱ ሶፍትዌር ከሌላው ሶፍትዌር ጋር ሁልጊዜ አይነጋገርም።

በጉዱማሌ ሰፈር

ይህ በእናንተ ቤት ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ ላሳያችሁ። እዚሁ ሐዋሳ፣ ጉዱማሌ አካባቢ የምትኖር አንዲት ወጣት ነፍሰ ጡር አለች እንበል። ከገጠር መጥታ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ትሠራለች። የመጀመሪያውን የእርግዝና ክትትል በሰፈሯ ጤና ጣቢያ አደረገች፤ ለቂጥኝም ደሟ ተመረመረ። ውጤቱ ከመነገሩ በፊት በሌላ ቀን ደከማትና የግል ክሊኒክ ሄደች። ምጧ ሲመጣ ደግሞ ወደ ሆስፒታል ተወሰደች። ሦስት ተቋም፣ ሦስት ካርድ።

የቂጥኝ ምርመራው አዎንታዊ ከነበረ መድኃኒቱ ፔኒሲሊን ነው፤ ርካሽና የታወቀ መርፌ። ከወሊድ ቢያንስ 30 ቀን ቀድማ ከተወጋች ሕፃኑ በአብዛኛው ይድናል። ካልተወጋች ግን ጽንሱ ሊሞት፣ ወይም ሕፃኑ ከነበሽታው ሊወለድ ይችላል። እንግዲህ እዩት፤ የዚያ ሕፃን ዕጣ የተንጠለጠለው አንድ ወረቀት ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላ ሰፈር በመድረሱ ላይ ነው። ምርመራው ተደርጓል፣ መድኃኒቱ አለ። የጎደለው መረጃው በሚነበብ ቃል አብሯት መጓዙ ነው።

ጉዱማሌን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በየዓመቱ ፍቼ ጫምባላላ ሲከበር የሲዳማ ሕዝብ የሚሰበሰብበት፣ ሽማግሌዎች የሚመክሩበት ቦታ መሆኑን ታውቃላችሁ። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በሲዳማ ሽማግሌዎች ዘንድ ደግሞ «አፊኒ» የሚባል ሥርዓት አለ፤ «ሰማችሁ ወይ?» እንደማለት ነው። ነገር ከመወሰኑ በፊት ሁሉም የሰማው አንድ ነገር መሆኑ ይረጋገጣል። አንዱ ሌላ፣ ሌላው ሌላ ሰምቶ ፍርድ አይሰጥም።

የሕክምና መዝገብም ይኸው ነው። ጤና ጣቢያው የጻፈውን ሆስፒታሉ በዚያው ትርጉም ማንበብ አለበት። ልዩነቱ አንድ ነው፤ የሽማግሌዎቹ ሸንጎ በአደባባይ ነው፣ የእናንተ መዝገብ ግን የሚነበበው ለሚያክሟችሁ ብቻ ነው።

ታዲያ ማን ይከፍተዋል?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። አዎ፣ የነገራችሁን ነገር ይጻፋል። መጻፍም አለበት። ጸረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቲቢ ቢይዘው፣ ሪፋምፒሲን የተባለው የቲቢ መድኃኒት ዶሉቴግራቪርን ስለሚያዳክም መጠኑ በእጥፍ ይስተካከላል። ኢፋቪሬንዝ የምትወስድ ሴት ክንዷ ላይ የተቀበረው የእርግዝና መከላከያ ኃይሉ ሊቀንስ ይችላል። የቲቢው ሐኪምም ሆነ የቤተሰብ ምጣኔ ባለሙያዋ ይህን ካላወቁ በቅንነት ይጎዷችኋል።

ግን የሚጻፈው ሁሉ ለሁሉም ክፍት ነው ማለት አይደለም። በሚገባ የተሠራ ኤሌክትሮኒክ መዝገብ ከወረቀት የሚሻልበት ነገር አለ። የወረቀት ካርድ ኮሪደር ላይ ሲተላለፍ ማን እንዳነበበው አይታወቅም። በኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዱ ባለሙያ በራሱ መለያና የይለፍ ቃል ይገባል፤ ካርድ ክፍል ያለችው ስማችሁንና ቁጥራችሁን ብቻ፣ ሐኪሙ ደግሞ ሕክምናውን እንዲያይ ማድረግ ይቻላል፤ ማን መቼ እንደከፈተም ዱካው ይቀራል። ይህ የሚሠራው ግን ባለሙያዎች የይለፍ ቃል ካልተዋዋሱና ስክሪኑን ከፍተው ካልሄዱ ነው። ቴክኖሎጂው ብቻውን ምስጢር አይጠብቅም።

ሕጉም ከጎናችሁ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 399 በሙያው ያወቀውን ምስጢር የሚያወጣ ባለሙያን ይቀጣል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና መረጃ ከሌላው በተለየ ጥንቃቄ እንዲያዝ ይጠይቃል።

ለወላጆች

እናቶችና አባቶች፣ ይህኛው ለእናንተ ነው። ሕፃን ልጃችሁን በተመለከተ መዝገቡን የማወቅ መብትና ግዴታ አለባችሁ። የሴት ልጃችሁ የማህጸን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት በ2011 ዓ.ም. በአገራችን ከተጀመረ ወዲህ፣ መከተቧን የሚያሳየውን ካርድ በደንብ አስቀምጡላት፤ ከዓመታት በኋላ ይጠቅማታል።

ልጁ ሲጎረምስ ግን ነገሩ ይለወጣል። የአገራችን የኤች.አይ.ቪ ምርመራ መመሪያ 15 ዓመት የሞላው ሰው በራሱ ፈቃድ መመርመር እንደሚችል ይገልጻል። ሐኪሙ «እስቲ ለአፍታ ከልጅዎ ጋር ብቻችንን እንነጋገር» ቢላችሁ ልጃችሁን ጠርጥሮት አይደለም። ለሁሉም ጎረምሳ የሚደረግ መሆን አለበት፤ ለሁሉም ከተደረገ ደግሞ ማንንም አያሳፍርም። ወጥታችሁ ስትጠብቁ ልጃችሁን አሳልፋችሁ የሰጣችሁ እንዳይመስላችሁ። በችግሩ ጊዜ ወደ ጓደኛው ወይም ወደ ስልኩ ሳይሆን ወደ ሐኪም እንዲሄድ መንገድ ከፈታችሁለት ማለት ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ምን ማድረግ ትችላላችሁ?

• ሕመማችሁን በስሙ ጥሩ። «ወገቤን» ሳይሆን «ከባለቤቴ ጋር ስሆን እቸገራለሁ» በሉ። ቃሉ ከከበዳችሁ «የሚያሳፍረኝ ነገር አለ፣ አንተ ጠይቀኝ» ማለትም ይበቃል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን።

• ሐኪሙ ስለ ጓደኛ፣ ስለ ኮንዶም፣ ስለ ቀድሞ ሕመም፣ ስለ እርግዝና ዕቅድ ሲጠይቃችሁ «ይህን ሁሉንም ታካሚ ነው የምትጠይቀው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ «አዎ» መሆን አለበት።

• «ይህን ምን ብለህ ጻፍከው? ማን ያየዋል?» ማለት መብታችሁ ነው። ጥሩ ሐኪም አይቆጣም።

• ስልክ ቁጥር ስታስመዘግቡ የማን ስልክ እንደሆነ አስቡ። የቀጠሮ መልእክት በባል፣ በእናት ወይም በጎረቤት ስልክ ቢገባ ችግር ካለው አስቀድማችሁ ተናገሩ።

• ነፍሰ ጡሮች፣ የክትትል ካርዳችሁን ይዛችሁ ተንቀሳቀሱ። የኤች.አይ.ቪና የቂጥኝ ውጤታችሁን ሳታውቁ ከክፍሉ አትውጡ። ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ እስኪነጋገሩ ድረስ መልእክተኛዋ እናንተ ናችሁ።

ምስጢራችሁን የሰማ ሁሉ ሊጎዳችሁ አይደለም፤ የጻፈውም እንዲሁ። ከመድኃኒት አዋቂው ጓሮ እስከ ምስጢር ቁጥሩ፣ ከዚያም እስከ ሦስቱ ፊደላት ድረስ የመጣንበት መንገድ የሚያሳየው ሐፍረት በጻፈው መዝገብ ታማሚው ራሱ እንደሚጠፋ ነው። ቃሉ ግልጽ፣ በሩ ጠባብ ይሁን።

ይህን ጽሑፍ ለነፍሰ ጡር እህታችሁ፣ ጎረምሳ ላለው ጎረቤታችሁ አካፍሉ። ሰላምና ጤና ለቤታችሁ።

ሐኪማችሁ፣ ከሐዋሳ